የጋሼ ወንዳፍራሽ አጭር ጸሎት

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ጸሎት አስረዛሚ አይጠፋም። ልቅሶ ቤት ሂዱ፣ አለ። ሰርግ ሂዱ፣ አለ። የሕፃን ልደት ላይ ሻማው ቀልጦ የኬኩን ክሬም ሲያበላሸው፣ አጠገቡ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ሰው እሱ ነው። አገሩ ይለያያል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል፣ የሱ አጀማመር ግን የትም አንድ ነው። "በአጭሩ እንጸልይ" ይላል።

ለሎስ አንጀለስ የደረሱን ክቡር ጋሼ ወንዳፍራሽ አሰፋ ናቸው። ስማቸውን ብቻ የሰማ ሰው ጦር ሰብቀው የሚዞሩ ሊመስለው ይችላል። እሳቸው ግን ጋርዴና የሚኖሩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት የመንገደኛ ቫን ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ከዝንብ ጋር እንኳ ተጣልተው የማያውቁ ለስላሳ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው አንድ ነው። በጅምላ ማመስገን አይሆንላቸውም።

"ስለዚህ ምግብ ተመስገን" ብሎ አሜን ማለት ለሳቸው የሰነፍ ጸሎት ነው። ጎመኑን የዘራውን ገበሬ፣ ጎመኑን ያጠበችውን ልጅ፣ ጎመኑን የጫነውን መኪና፣ መንገድ ላይ ያልፈነዳውን የመኪናውን ጎማ፣ ሁሉንም በየተራው ያነሳሉ። አንድ ቀን የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ባንዱ ለሰባት ሰው የታዘዘ ጥብስ እየተንጫጫ መጣ። ጋሼ ወንዳፍራሽ በአጭሩ አሉ። አሜን ሲባል ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር። አስተናጋጇ ማንም ሳይጠይቃት ሳህኑን አንስታ ልታሞቀው ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፤ ልምዱ አላት።

እዚያው ፌርፋክስ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ማቆሚያ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቃል። ጋሼ ወንዳፍራሽ አንድ ቅዳሜ ልክ ገበያው በር ላይ ክፍት ቦታ አገኙና ከመኪናቸው ሳይወርዱ ምስጋና ጀመሩ። ዓይናቸውን ሲገልጡ የቅጣት ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተሰክቷል። ስለ ቅጣቱም አመሰገኑ ይባላል፤ ይሄን ግን ሣህሊቱ ሳትጨምርበት አትቀርም።

ሣህሊቱ ማለት የማኅበረ ምዕመናኑ ምላስ ናት። ስለ ጋሼ ወንዳፍራሽ የተነገረው ግማሹ ከሷ የወጣ ነው። "ጌታ ራሱ እኮ 'ወንዳፍራሽ፣ ገባኝ' ሳይላቸው አይቀርም" ብላ ሰው ታስቃለች። አብራት የምትስቀው፣ ግን ድምፅ ሳታሰማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የምትስቀው፣ ካልቨር ሲቲ አንድ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር የምትኖረው ጓደኛዋ ወርቅውሃ ናት።

ወርቅውሃ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ልብስ አስተካካይ ሱቅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሱሪ እግር ስታሳጥር ኖራለች፤ ከዚያ የተረፋት ነገር ቢኖር ትንንሽ ነገር ማየት ነው። ሰው ሲያናግራት የሸሚዙ አራተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መተከሉን ታያለች፤ አትናገርም እንጂ። ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። አስተያየት ስትጠየቅ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ በዚያው ይታለፋል።

ባለፈው ዓመት ሐኪሟ የዓይኗ በሽታ ግላኮማ መሆኑን፣ እይታዋ ከዳር ዳር እየጠበበ እንደሚሄድ ነገራት። ጠብታውን በሰዓቱ ካደረገች ይዘገያል፣ የጠፋው ግን አይመለስም አላት። ወርቅውሃ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። በባቡር ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን፣ ዓይኔ ሳይጠብ ምን ልይበት ብላ አሰበች። መልሱ ሁለት ፌርማታ ሳይሞላ መጣላት። ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ የተሰበረችበትን ደሴት።

ይሄ የሃይማኖት ነገር ብቻ አይደለም። ወርቅውሃ ማንበብ የተማረችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ማንም ሳያግዛት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበችው የመጀመሪያ ታሪክ ያ የመርከብ ታሪክ ነበር። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ሦስት ቀን ፈጀባት። አሥራ አራት ሌሊት ማዕበል፣ ወደ ባሕር የተጣለ ስንዴ፣ አራት መልሕቅ፣ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ሰው። ሦስቱን ቀን ሙሉ ይድኑ ይሆን አይድኑ ይሆን አታውቅም ነበር። ጎረቤት መጠየቅ ትችል ነበር፤ አልጠየቀችም። ሁሉም በሳንቃና በስብርባሪ ላይ ተንሳፍፈው አንድም ሳይጎድል መውጣታቸውን በራሷ ጣት ስትደርስበት፣ ምድጃ ላይ የጣደችው ሽሮ አሮ ነበር። ያንን ዳርቻ ነው በዓይኗ ማየት የፈለገችው።

እንደ ዕድል ሆኖ አቢጋኤል የምትባለው የቤተ ክርስቲያኑ ነርስ ወደዚያችው ደሴት፣ ወደ ማልታ፣ የአምስት ቀን ጉዞ አዘጋጀች። አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ፤ ወርቅውሃ፣ ሣህሊቱና፣ ከሁሉም ቀድመው፣ ጋሼ ወንዳፍራሽ። አቢጋኤል ቀኑን በየሩብ ሰዓቱ ከፋፍላ፣ በአራት ቀለም አቅልማ፣ ለሁሉም በስልክ ላከች። ለጋሼ ወንዳፍራሽ ደግሞ ለብቻ ደወለችላቸው።

"ሶ ጋሼ፣ በየቦታው ለጸሎት ቱ ሚኒትስ ነው ያለህ፣ ኦኬ?"

"በአጭሩ ነው እንጂ፣ ልጄ" አሏት።

የመጀመሪያው ቀን ቫሌታ ነበሩ። ከወደቡ በላይ ያለው የአትክልት ቦታ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ፣ ከማዶ ያሉት ምሽጎች የማር እንጀራ ይመስላሉ፤ ከሥራቸው መርከቦች እንደ መጫወቻ ተደርድረዋል። ወርቅውሃ ገና አንዱን መርከብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትጨርስ "በአጭሩ እንጸልይ" ተባለ። በዚያ ወደብ ቀትር ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ ሰው ሁሉ ጢሱን ለማየት ነው የሚሰበሰበው። ጋሼ ወንዳፍራሽ ገና የአውሮፕላኑን አብራሪ እናት እየባረኩ ሳሉ መድፉ ጮኸ። አሥራ አንዱም ዘለሉ። ጢሱን ያየ ግን የለም፣ ዓይን የተጨፈነ ነው። ጋሼ ወንዳፍራሽ ሳይደናገጡ ስለ መድፉ አመስግነው፣ ወደ ሰው ስላልተተኮሰም ለየብቻው አመስግነው ቀጠሉ።

ጸሎት ላይ ዓይን መግለጥ ነውር ነው። ይሄ ለወርቅውሃ ከልጅነቷ የገባ ሕግ ነው፤ በሰባ አራት ዓመቷ አታፈርሰውም። በጥንታዊቱ ከተማ በእምዲና፣ በየበሩ ላይ የናስ ማንኳኪያ አለ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ጅራታቸው የተቆላለፈ ሁለት ዓሣ። ሦስተኛው በር ላይ ስትደርስ ጨፈነች። ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድሙ ናቸው የተባሉት የድንጋይ መቅደሶች ጋ ጋሼ ወንዳፍራሽ ድንጋዩን ስለ ጎተቱት ሰዎች ወገብ ሲያመሰግኑ፣ ከኋላቸው የነበሩ ጀርመኖች ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና ጠበቁ። በዓሣ አጥማጆቹ መንደር ደግሞ ጀልባዎቹ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ የተቀቡ ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ግራና ቀኝ ዓይን ተስሎላቸዋል። ወርቅውሃ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ስትጨፍን፣ ጀልባው እንኳ እያየ እኔ ልጨፍን ብላ በሆዷ አዘነች። ሲሰላ አምስት ቀን ልታይ መጥታ አንዱን ቀን ሙሉ በጨለማ ማሳለፏ ነው።

"ንገሪያቸዋ!" ትላታለች ሣህሊቱ።

"ምን ብዬ?"

"ዓይኔ ሳይጠፋ ልይበት በያቸው።"

ወርቅውሃ ግን ጸሎት አቋርጡ የሚል ቃል ከአፏ ከሚወጣ መርከቧ ድጋሚ ብትሰበር ይሻላታል።

በአራተኛው ቀን ጎዞ ወደምትባለው ትንሿ ደሴት ተሻገሩ። በለስ በየአጥሩ በቅሎ አይተው እንደ ልጅ ሆኑ። ዳርቻው ላይ ዓለቱ እንደ ጥልፍ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተፈልፍሎ የባሕር ውሃ ይገባበታል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ጨው ይሆናል። ወርቅውሃ አጎንብሳ ጠርዙ ላይ የቀረውን ነጭ ስታይ ሳለች ጸሎት ሆነ። እሷ ስትጸልይ እንባ ስለሚቀድማት መነጽሯን የማውለቅ ልማድ አላት። አውልቃ በአንገት ልብሷ ጠቀለለችና አጠገቧ ያለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ጨውን ጀመሩ። ከጨው ወደ ወጥ፣ ከወጥ ወደ ባለሙያ ሴቶች፣ ከባለሙያ ሴቶች ወደ ሟች እናታቸው ሄዱ። ነፋስ ተነሣ። እታች መረቡን ሲጠግን የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ድንገት ብድግ ብሎ በአገሩ ቋንቋ መጮህ ጀመረ፤ እጁን ያወናጭፋል፣ ወደ ሰማይ ይሁን ወደ ግንቡ አይታወቅም፣ የሚያየው የለማ። ሣህሊቱ ሰውዬውን መንፈስ ነክቶታል ብላ "አሜን! ንካው ጌታ!" አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ሰውዬው በጮኸ ቁጥር አሜኑ ባሰ። ጋሼ ወንዳፍራሽም ስለዚህ ወንድማችን ብለው ሌላ አምስት ደቂቃ ጨመሩ።

ዓይን ሲገለጥ ግንቡ ባዶ ነው። የአንገት ልብሱ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። መነጽሩ የለም። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ፣ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ እንዴት አንድም አያይም በሚል ፊት ያያቸዋል።

መነጽሩ ወፍራም ነበር። ያለሱ ለወርቅውሃ ዓለም ሁሉ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ ናት። መጠባበቂያው ካልቨር ሲቲ መሳቢያ ውስጥ ነው። አቢጋኤል ሦስት ቦታ ደወለች፤ እንዲህ ያለ መነጽር ለመሥራት ሳምንት ይፈጃል ተባለች። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ነገ ጀልባ ተከራይተው፣ መርከቧ ተሰበረችበት ወደሚባለው ወደ ጳውሎስ ባሕረ ሰላጤ የሚሄዱበት ቀን ነው።

ወርቅውሃ አላለቀሰችም። "ምንም አይደለም፣ ብርጭቆ ነው" አለች። ጋሼ ወንዳፍራሽ ግን ጫማቸውን አውልቀው ከዓሣ አጥማጁ ጋር ውሃ ውስጥ ገቡ። የመመለሻው መርከብ ሰዓት እስኪደርስ ድንጋይ ለድንጋይ ሲፈልጉ ቆዩ። ባዶ እጃቸውን፣ ሱሪያቸው እስከ ታፋቸው ርሶ ሲመጡ ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

ማታ እራት ላይ ሁሉም ጠበቃቸው። እሳቸው ጨው ማስቀመጫውን አዩት እንጂ አፋቸውን አልከፈቱም። በመጨረሻ ሣህሊቱ "ጌታ ሆይ ባርክልን አሜን" አለች። ያች ማኅበር ምግብ ትኩሱን ስትበላ የመጀመሪያዋ ነበር። አፍ ያቃጥላል። የጣፈጠው ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጀልባዋ ባሕረ ሰላጤው መሐል ስትደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተሰበሰበ። ለወርቅውሃ ከታች ሰማያዊ አለ፣ መሐል ላይ ቢጫ ነገር አለ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ምኞቷ ይሄው ነበር፣ ሦስት መስመር።

"ምን ይታያል?" አለቻት አቢጋኤልን።

"ዋው፣ እትዬ፣ ሶ ቢዩቲፉል። እንዴት ልበልሽ፣ አሜዚንግ ነው።"

ወደ ሣህሊቱ ዞረች። "ሣህሊቱ፣ አንቺ ንገሪኝ እስኪ።"

"ባሕር ነዋ። ደሴት አለ። ድንጋይ ነው። ያምራል።"

"ምን ዓይነት ድንጋይ?"

"ድንጋይ ነዋ፣ ወርቄ! ድንጋይ ምን ዓይነት አለው?"

ወርቅውሃ እዚያ ቆማ ሳለ አንድ ነገር ገረማት። ቫሌታ ላይ አንድ አረንጓዴ የእንጨት ሰገነት ታስታውሳለች፤ አንድ ርብራብ የጎደለው፣ በጉድለቱ ድመት ጭንቅላቷን ያወጣችበት። ጢሙን በግራ በኩል ብቻ የላጨ ጠባቂ ታስታውሳለች። መቅደሱ ጋ በድንጋዩ ቀዳዳ የበቀለች ባለ አምስት ቅጠል አበባ ታስታውሳለች። አንዳቸውንም ግን በዓይኗ አላየችም። ጨፍና የሰማቻቸው ናቸው። ጋሼ ወንዳፍራሽ በየተራ ሲያመሰግኑባቸው።

የጀልባዋን የዳር ብረት ይዛ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ወደ ኋላ ሄደች። ጋሼ ወንዳፍራሽ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ይጸልዩ እንጂ" አለቻቸው። በአራት ዓመት ትበልጣቸዋለች፤ ግን ጋሼ የሁሉ ጋሼ ናቸው።

"ይቅር፣ እትዬ ወርቅውሃ። የትናንቱ ይበቃል። ዓይንዎን እኮ ነው ባሕር ውስጥ የከተትኩት።"

"እሱን ተዉት። እኔ ይሄን ቦታ ለማየት ነው የመጣሁት። የማንን ዓይን ልዋስ? አንዷ ቢዩቲፉል ትለኛለች፣ አንዷ ድንጋይ ነዋ ትለኛለች።" ይሄን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። "እርስዎ ይጸልዩልኝ። ዓይንዎን ገልጠው፣ አንድ ባንድ እያዩ ያመስግኑልኝ። ደግሞ አያሳጥሩት።"

ጋሼ ወንዳፍራሽ በሰባ ዓመታቸው፣ ከልቅሶ እስከ ሰርግ ከጸለዩት ጸሎት ሁሉ፣ አያሳጥሩት የሚል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ቆባቸውን አስቀመጡ፤ ተነሡ፤ መልሰው ቆባቸውን አነሱ። ከዚያ እሷ ጨፈነች፣ እሳቸው ገለጡ።

"ጌታ ሆይ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ስለዚህች ደሴት አመሰግንሃለሁ። ትንሽ ናት። ጀርባዋ የተኛች ላም ይመስላል። ዛፍ የላትም፣ ቁጥቋጦ ነው ያለባት፣ እሱም የጠወለገ ነው። ድንጋይዋ የቆየ ሸማ ይመስላል፣ ከወገቧ በታች ግን ውሃው በልቶት ጥቁር ነው። አናቷ ላይ ሐውልት ቆሟል። ስለ ሐውልቱ ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ታውቃለህ እምነታችንን። ግን ነጭ ነው። ሁለት ወፍ ተቀምጦበታል። አንደኛው ሄደ።"

ጀልባው ውስጥ የነበሩት ወግ ማውራታቸውን እየተዉ ዞሩ።

"ውሃው?" አለች ወርቅውሃ። ጸሎት መሐል ሰው ሲያቋርጣቸው ያኔ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አቋራጯ ደግሞ እሷ። ሣህሊቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ጌታ ሆይ፣ እህታችን ስለጠየቀችህ ውሃ" አሉ ጋሼ ወንዳፍራሽ ሳይሰናከሉ፣ "ስለ ውሃውም ተመስገን። እኛ ያለንበት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ወደ ዳር ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል፣ የባቄላ እሸት ዓይነት። በደሴቷና በዋናው ምድር መሐል ቀጭን መተላለፊያ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሞገድና ከዚህ የሚሄደው መሐል ላይ ይጋጫሉ፤ አረፋው እዚያ ነው ያለው። እዚያ ነው የተሰበረችው፣ እትዬ ወርቅውሃ። ይቅርታ ጌታ፣ ለሷ ነው የምነግራት።"

"ከዚያ እስከ ደረቁ መሬት ስንት ይሆናል?"

ጋሼ ወንዳፍራሽ ዓይናቸውን አጠበቡ። የሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር ናቸው፤ ርቀት አይሳሳቱም። "ፌርፋክስን ይዘው ቢሄዱ ከኦሊምፒክ መንገድ እስከ ፒኮ መንገድ ቢሆን ነው።"

ወርቅውሃ ያን መንገድ ታውቀዋለች። የምስር ከረጢት ተሸክማ፣ በየሱቁ በር ሰላምታ እየሰጠች ትሄደዋለች። ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱን ሰው በዓይነ ኅሊናዋ ከኦሊምፒክ ጀምራ አሰለፈቻቸው፤ የማይችሉት በሳንቃ ላይ፣ የሚችሉት በዋና። ያን ያህልማ ይወጣል አለች በሆዷ። በነፍስ ከሆነ ይወጣል።

ሾፌሩ ሰዓቱን አሳያቸው። አቢጋኤል "ጋይስ፣ ታይም የለንም፣ ዘ ነክስት ግሩፕ እየጠበቀ ነው" ማለት ስትጀምር ሣህሊቱ ክንዷን ጨብጣ "አንቺ፣ ዝም በይ፣ ገና ዳርቻው ጋ አልደረሱም" አለቻት። ጉንጯ ርሶ ነበር፤ የባሕር ውሃ ነው አለች በኋላ።

"ዳርቻው ላይ" ቀጠሉ ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ "አንዲት ሴት ቢጫ ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ ስለሷም ተመስገን፣ የምትፈልገውን ስጣት። አጠገቧ ውሻ አለ። ውሻው ወደ ውሃው ገባ ወጣ ይላል፣ ፈርቶ ነው መሰለኝ።"

ወርቅውሃ ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች።

"ውሻውን አየሁት" አለች። "አሁን ደግሞ ወደ ግራ ይሂዱልኝ።"